የተጎበኘበት ቀን

መካነ ሰላም ሳስተምር ብዙ ነገር እታገሣለሁ። የተማሪ ጥናት መጨረሻ ላይ «ምንጭ፦ ጎግል» ተብሎ ሲጻፍ ግን አልታገሥም። በጉን ከየት አመጣኸው ሲሉት «ከገበያ» እንደሚል ሰው ነው። ከማን ገዛኸው? ስለዚህ በየዓመቱ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እለፈልፋለሁ፦ የሰው ቃል እንዳለ ከወሰዳችሁ በትእምርተ ጥቅስ አስገቡት፤ ረዘም ካለ መስመሩን ገባ አድርጋችሁ ለብቻው ጻፉት፤ ከድረ ገጽ ከሆነ የጸሐፊውን ስም፣ የገጹን አድራሻና የጎበኛችሁበትን ቀን አስቀምጡ።

ችግሩ የመጨረሻዋ ላይ ነው። አንድ ዓመት ከተማችን ኢንተርኔት አልነበራትም። እዚህ አገር የሌለ ነገር ደግሞ በሹፌር ይመጣል፦ መድኃኒቱም፣ መለዋወጫውም፣ የሙሽራ ጫማውም። ድረ ገጽም እንደዚያው መጣ። ተማሪዎቹ የሚፈልጉትን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ይልካሉ፤ ሹፌሩ ደሴ ኢንተርኔት ቤት ያሳትምና በማግስቱ ከሳሙና ካርቶን ጋር ያወርድላቸዋል። አንዱ «ስለ ገበያ» ብሎ ቢልክ የኳስ ተጫዋቾች ዝውውር መጣለት። ደግሞ ተጠቀመበት እኮ!

ከተማሪዎቼ አንዷ የአቀስታ ልጅ ነበረች፤ ጥናቷ ውርጭ ገብስን እንዴት እንደሚጎዳ ነው። ለመመረቅ የቀራት ይህ ብቻ ነበር። ሥራም አግኝታለች፤ ዲግሪዋን በጊዜ ካላመጣች ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ጥናቷን ሳነበው እንዲህ ጥንቅቅ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። የድረ ገጹ ቀን መግባት ባለበት ቦታ ግን እንዲህ ይላል፦ «እኔ አልጎበኘሁትም፤ ሹፌር ወንድሜ ደሴ አሳትሞ አመጣልኝ።» መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ልቤ ሞቀ።

የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን አልሳቁም። «ጥቅስ ያለ ቀን፣ ጋብቻ ያለ ሽማግሌ» ይላሉ፤ ተረቱን የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው። ልጅቱን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ።

«ልጄ፣ አንድ ቀን ጻፊበት» አሏት።

«አልገባሁበትም እኮ።»

«ጻፊ እንጂ! ማን ያይሻል?»

«አላህ» አለች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። አባቷ ቁርአን የሚያቀሩ ሰው ናቸው፤ ያላየችውን አየሁ እንዳትል አድርገው አሳድገዋታል።

ደሜ ፈላ። «ጌታው፣ የቀሩት ተማሪዎች ሁሉ ከዚህ ከተማ ሳይወጡ ቀን ጽፈዋል። ኔትዎርክ በሌለበት በየትኛው ጅን ገቡ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር አታክርሪ። እነሱ አሟልተዋል።»

ወይ ጉድ! ውሸታሙ አሟልቶ አለፈ፣ እውነተኛዋ ጎደለባት ተብላ ቆመች። ስንወጣ «አብሽሪ» አልኳት፤ የሚያስብሽር ነገር ግን ምንም አልነበረኝም።

በነጋታው በወንድሟ ሚኒባስ ደሴ ሄድን። በዓይኗ ታየውና ቀኑን ትጻፍ፣ ነገሩም ይለቅ ብዬ ነው። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ አድራሻውን ከታተመው ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል እያየች ጻፈችው። ጠበቅን። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ገጹ አልተገኘም» የሚል ነው። እንደገና ሞከረች፤ ያው። ገጹ ጠፍቷል።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ የድረ ገጹን ባለቤት፣ ኮምፒውተሩንና የጎበኛችሁበትን ቀን ጻፉ ያለውን ሰው በየተራ ረገምኩ። እሷ አፍንጫዋን ጠረገችና የጥናቷ መጨረሻ ገጽ ላይ መጻፍ ጀመረች። ጠጋ ብዬ ሳይ የዕለቱን ቀን አስቀምጣ ከጎኑ «ገብቼ ነበር፤ ገጹ የለም፤ ጥቅሱ የተወሰደው ወንድሜ ካመጣው ወረቀት ነው» ብላለች።

«ኧረ በሞቴ! ቀኑን ብቻ ተዪው፣ የቀረውን አጥፊው» አልኳት። እንድታልፍ ብቻ ነበር የምፈልገው።

«ቲቸር፣ ያየሁት ይሄንን ነው እኮ» አለች። ኃላፊያችን ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲያነቧት ወረቀቱን ፊቷ ላይ እንደሚወረውሩት፣ ሥራውም እንደሚያመልጣት አልተጠራጠርኩም።

ስንመለስ ወረቀቱን ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄዱ፣ በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ወርደው ቀኑ ላይ ቆሙ።

«አየሽ አይደል? ይኸው! መጀመሪያውኑ እንዲህ ብታሟዪው ምን ነበረበት?» አሏት። ፈረሙ፤ ማኅተሙን ግጥም አድርገው መቱ፤ እጃቸውንም ዘርግተው እንኳን ደስ ያለሽ አሏት።

በሩ ከኋላችን ተዘጋ። ከዚያ ወረቀቱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ አነበቡት?»

«ቀኑን አነበቡት» አልኳት።