ለቀበሮ የመሰከርኩ ዕለት

በመንደራችን በዱመርሶ «የቀበሮ ጠበቃ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ያወጣችልኝ ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ግን በሙሉ ጤንነት ላይ የሚገኝ ሴት። እኔ ዲላ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድን አባቴ ዘንድ ነኝ። አባቴ የሚኖረው ብቻውን ነው። ብቻውን ስል ከውሻው ጋር ማለቴ ነው። ከእኔ ጋር በወር የማያወራውን ከእሱ ጋር በአንድ ጠዋት ይጨርሳል። አልዋሽም፣ እቀና ነበር። ዲግሪ ይዞ ከውሻ ቀጥሎ ሁለተኛ መውጣት ደስ አይልም።

ያለፈው ክረምት ከቡናችን በላይ ካለው ገደል ሥር ቀበሮዎች ወልደው ነበር። እኛ ቀበሮ እንበላቸው እንጂ፣ አጥኚዎች ዘረመላቸውን መርምረው ራሳቸው ተኩላ ናቸው ብለዋል። ይህን ሹመት ለጎረቤታችን ማብሰሬ ትልቁ ስህተቴ ነው። «ተኩላ ከሆነማ ባሰ!» አለች። እሷ ተኩላን የምታውቀው ከስብከት ነው፤ ስብከት ውስጥ ደግሞ ተኩላ አንድም ቀን ደህና ነገር ሠርቶ አያውቅም።

እኔ ግን በየቅዳሜው ከገደሉ ማዶ ተቀምጬ አያቸው ነበር። ባልና ሚስቱ አይለያዩም። ባልየው ሲያድን ይቆይና የዋጠውን ይዞ መጥቶ ለአራቱ ቡችሎች ያስመልስላቸዋል። ልጅን በትውኪያ ማሳደግ አያስጎመጅም፤ ቢሆንም ከማውቃቸው ጥቂት አባቶች ይሻላል። ባለፈው ዓመት የተወለደች አንዲት ወጣት ደግሞ ገና ቤት አልለቀቀችም፤ እናትየው ስትወጣ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። የሚበሉት በአብዛኛው ፍልፈል ነው። የእንሰታችንን ሥር ከታች እየጋጠ ቆጮአችንን ሳንፍቀው የሚጨርስብንን ፍልፈል! ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬ ሰለቸኝ። አፌን ስከፍት «ቲቸር ደግሞ ጀመረች» ይላሉ።

ከዚያ የጎረቤታችን በግ ሞታ ተገኘች። በሳምንቱ ሁለተኛዋ ተከተለቻት። ሄጄ አየኋቸው። የኋላ እግራቸው ተቦጫጭቋል፣ ጆሯቸው ተበጥሷል፣ ሥጋው ግን እምብዛም አልተነካም። ቀበሮ የሚመጣው ርቦት ነው፤ በልቶ የተረፈውን ይዞ ይሄዳል። በግ ነክሶ ጥሎ የሚሄድ የሰው ትርፍራፊ ጠግቦ ያደረ ብቻ ነው። ስለዚህ በታላቅ ኩራት ፍርዴን ሰጠሁ፦ «ውሻ ነው። የቡና ማጠቢያው አካባቢ የሚዞሩት ባለቤት የሌላቸው ውሾች ናቸው።»

«በጎቼን የፈጀችው ቀበሮ ናት» አለች ጎረቤታችን። «ውሻማ ጌታ አለው፤ ያፍራል።»

የቀረቻት አንዲት እርጉዝ በግ ነበረች። ይርጋጨፌ ገበያ ወርዳ መርዝ ገዛች፤ ሥጋ ላይ ቀብታ ከቀበሮዎቹ ጉድጓድ አፍ ልታስቀምጠው። መርዝ ግን የማንንም ከብት ስለሚገድል መጀመሪያ ሶንጎ ላይ፣ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ዛፍ ሥር፣ መነገር አለበት። ቅዳሜ ተቀጠረ፤ እኔም እንድመሰክር ተጠራሁ። የምናገረውን ሳምንቱን ሙሉ መስተዋት ፊት ስለማመድ ከረምኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ውሻችን በእንሰቱ መሀል ብቅ አለ። ደረቱ በደም ርሷል። ጥርሱ ላይ የበግ ጸጉር ተሰክቷል። ጅራቱን እየቆላ መጥቶ ፊቴ ቁጭ አለ።

እስቲ ታዘቡኝ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ አይደለም። «ውሻ ነው ብዬ አልነበር!» የሚል ደስታ ነው። ድንጋጤው የመጣው አባቴ ከኋላዬ በጆግ ውሃና ጨርቅ ይዞ ሲወጣ ነው። ምንም አልገረመውም። ጎንበስ ብሎ የውሻውን አፍ ማጠብ ጀመረ፤ እጁ ሥራውን ለምዶታል።

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር?»

«የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ፣ ቀና ሳይል።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። አባቴ ራሱ ሶንጎ ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው፤ ለሁለት ሳምንት የውሻውን ጥፋት ቀበሮ ላይ ሲላከክ ተቀምጦ ሰምቷል። ተናደድኩበት። ደግሞም አሳዘነኝ፤ ያን ውሻ የሚያጥበው ልጅ እንደሚያጥብ ሰው ነበር። ብናገር አባቴ በእኩዮቹ ፊት ይዋረዳል፣ ውሻውም አይተርፍም። ዝም ብል ስድስት ሰባት ነፍስ በመርዝ ያልቃል።

ሶንጎው ሲሞላ ጎረቤታችን እያለቀሰች መጣች። ሦስተኛዋ፣ እርጉዟ፣ ማለዳ ሞታ ተገኝታለች። የበጓን እግር መርዝ ቀብታ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጠችው። ስታለቅስ ሳያት ስለ ፍልፈልና ስለ ቆጮ የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ አስጠላኝ።

ዋናው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ቀበሮ አይደለም ብለሻል አሉ። ያየሽውን ብቻ ንገሪን።»

እሁድ ቸርች ደጃፍ ላይ ትንሽ ትንሽ የሚዋሽ ሰው እንኳ ሶንጎ ላይ ምላሱን ይሰበስባል። እኔም የመምህር ብልጠቴን ሞከርኩ፤ ሳልዋሽ ግማሹን ብቻ ልናገር።

«ውሻ ነው» አልኩ።

«የማን?»

አባቴ ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጦ ከዘራውን ያያል። ቀና ብሎ ቢያየኝ ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም። አላየኝም።

«የእኛ» አልኩ።

ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። ከዚያ አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። «ልጄ ልክ ናት። ሦስቱንም የገደለው እሱ ነው። አውቄ ነው ዝም ያልኩት። አጥፍቻለሁ።»

ፍርዱ ረጅም አልነበረም። አባቴ ሦስት በግ ይተካል፣ አንዷ እርጉዝ ትሆናለች። ውሻው አያድርም። ጎረቤታችን ምላሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳት፤ ያን ውሻ አጥንት እየወረወረች ያሳደገችው እሷም ነበረች። አባቴ ጎንበስ ብሎ በኮባ የተጠቀለለውን ሥጋ አነሳና «ለሌላ መርዝ መድከም አያስፈልግም፤ ተዘጋጅቶ የለ» አለ።

ቤት ደርሰን በገዛ እጁ ሰጠው። ውሻው ከእጁ ተቀበለ። እኔ ጓሮ ሄጄ ጆሮዬን ይዤ ቆሜ ነበር፤ የተማረ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። ጉድጓዱን አብረን ቆፈርን።

በማግስቱ ቸርች አልሄደም። «እነዚያን ነገሮችሽን አሳዪኝ» አለኝ። ከገደሉ ማዶ ይዤው ሄድኩና ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ብዙ ከቆየን በኋላ ባልየው ከታች መጣ፤ ቡችሎቹም ወጥተው አፉን እየላሱ ከበቡት። አባቴ ዓይኑን አጥብቦ ረጅም ጊዜ አያቸው።

«ለእነዚህ ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ድምፄ ግን ሶንጎ ላይ እንደነበረው አልወጣልኝም። በዚያች ሰዓት አራቱም ተደምረው አንድ ውሻ አልሞሉልኝም ነበር።