እሺ ያላልኳት ቀን

በየቅዳሜው ከቡራዩ ተነስቼ ሰበታ የምትኖረውን ትንሿን ልጄን እጠይቃለሁ። ከእናታቸው ጋር አብረውኝ የሚኖሩትን ሁለቱን የልጅ ልጆቼን ይዤ ታክሲ መጋፋት ስለማልችል አንዱን በተራ ነው የምወስደው። ባለፈው የስምንት ዓመቷ ተራ ነበር፤ መንገድ ላይ አስመለሳትና ሳንደርስ ተመለስን።

«ያኛው አይቆጠርም» አለች በማግስቱ።

«ታክሲ ውስጥ ገብተሻል፣ ተቆጥሯል! የፊታችን ቅዳሜ የወንድምሽ ነው!» እንደ ልማዴ ጮህኩባት።

ጥቂት ቆይቼ ብወጣ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ያላለቀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አየኋት። መከታ በሌለው በረንዳ ጫፍ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣለች። ከሥሯ ድንጋይና ሽቅብ የቆመ ፌሮ ነው።

ጩኸቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ብጮህ ትደነግጣለች፣ ከደነገጠች ትወድቃለች። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩት።

«የኔ ልጅ» አልኩ በኋላ፣ የራሴ በማይመስለኝ ድምፅ።

«እምዬ፣ አሞሻል እንዴ? ለምን አትጮሂም?» ልታየኝ ጎንበስ አለች።

«ደህና ነኝ። ቀና በይ።»

«ቅዳሜ ያንቺ ነው በይኝ!»

የሕንፃው ጥበቃ፣ ኦቦ እያልኩ የምጠራቸው ሽማግሌ፣ አጠገቤ ደረሱ። «ሱታ፣ እማማ፣ ቀስ» አሉኝ በሹክሹክታ። «እሺ ይበሏትና ትውረድ። በኋላ ማን ይጠይቅዎታል?»

«እሷ ናታ!» አልኳቸው።

እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ዛሬ ብዋሻት፣ ነገ ከዚህ የባሰ ቦታ ብትወጣ በየትኛው ቃሌ አወርዳታለሁ? የእውነት እሺ ብላት ደግሞ የትንሹን ወንድሟን ቀን መንጠቄ ነው።

«እሺ አልልሽም» አልኳት። ኦቦ ራሳቸውን ያዙ። «ግን ወንድምሽ ባለበት ነገርሽን እንደገና እሰማለሁ። ሳልጮህ።»

«ሳትጮሂ? ማርያምን በይ!»

«ማርያምን። አሁን እጅሽን ከኋላሽ አስደግፊና ወደ ውስጥ ተንሸራተቺ።»

ኦቦ ኮቴያቸው እንዳይሰማ ጫማቸውን አውልቀው ደረጃውን ወጡ። እሷ ተንሸራተተች። እግሯ ከዓይኔ ሲሰወር፣ ወደ ውስጥ ገብታ እንደሆነ እያወቅሁ፣ የወደቀች መሰለኝ። እጇን ይዘዋት ከታች በር ላይ እስኪታዩ አልተነፈስኩም።

እጄ ለጥፊ ተነሳ። የማልኩት ላለመጮህ ነበር እንጂ ላለመምታት አልነበረም። ግን አናቷ ላይ አሳረፍኩትና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ማታ ወንድሟ ባለበት ነገሯን እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ማስመለሷ የወንድሟ ጥፋት አልነበረም፤ ቅዳሜ የእሱ ሆነ። አለቀሰች፤ አልጮህኩም።

ቅዳሜ ትንሹን ይዤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ዓይኔ ላይ የነበረው ያ በረንዳ ነው። ቤት ለቀረችው ለእናቷ ደወልኩ። «የት ናት?»

«እዚህ አጠገቤ አኩርፋ ተቀምጣለች።»

«ስልኩን አቅርቢላት።»

የልጅቷ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። ሰበታ እስክንደርስ ስልኩን አልዘጋሁም።