በርበሬ ነው ያልነው ማሳከክ

መርካቶ በርበሬ በረንዳ የሚሠራ ሰው እጁን የሚታጠበው ሽንት ቤት ከመግባቱ በፊት ነው። ከወጣ በኋላማ ምን ይፈይዳል፣ አንዴ ተቃጥሎ! እኔ አክስቴ ሱቅ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ይህን ሳላውቅ ቀርቼ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪስቅብኝ ዘልያለሁ። ስለዚህ ባገባሁ በዓመቱ ከታች ማሳከክ ሲጀምረኝ ምንም አልተጠራጠርኩም። በርበሬ ነው አልኩ።

አክስቴም ያንኑ ነው ያሉት። እትዬ ነው የምላቸው። «እጅሽን በደንብ ሳትታጠቢ ገብተሽ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ለጋ ቅቤ ቀቢው» አሉኝ።

ቀባሁ። በልብስ ሳሙና አጠብኩት። ጨው ውሃ ውስጥ ተዘፈዘፍኩ። ጭራሽ ባሰብኝ። ቀን ሥራው ያስረሳኛል፣ ሲመሽ ግን መቀመጫ ያሳጣኛል። ሽንቴ ያቃጥለኛል፣ ቦታው ቀልቶ አብጧል። ከዚያ ደግሞ ነጭ ፈሳሽ መጣ፤ ወፍራም፣ እንደ አይብ ቁርጥርጥ ያለ። አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም። በርበሬ እንዲህ ያለ ነገር እንደማያመጣ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ያን ጊዜ ፈራሁ።

የዚያን ዘመን ፍርሃት ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይከብዳል። መንግሥት ከተለወጠ ዓመታት አልፈዋል፣ ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር ስለ ኤድስ ነው፣ መድኃኒቱ ግን ገና እኛ ጋ አልደረሰም። በየሰፈሩ የለቅሶ ድንኳን ይተከላል። ስሙን እንኳ አንጠራውም፣ «ያ በሽታ» ነው የምንለው። ባሌ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ ሲመላለስ መንገድ ላይ ያድራል። ሰው ስለ ሹፌር ምን እንደሚያወራ መቼም አውቃለሁ፤ መርካቶ ተቀምጦ ወሬ ማምለጥ የለም።

መስታወት ፊት ቆሜ ጉንጬን እዳብሳለሁ። ቀሚሴ የሰፋኝ ይመስለኛል። ምላሴን አውጥቼ አያለሁ፤ ምን እንደምፈልግ ግን አላውቅም። ባሌ ከመንገድ ሲገባ «ወገቤን አሞኛል» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። እውነቱን ብነግረውና ጥፋቱን እኔ ላይ ቢያላክክስ? ልሞት ነው፣ ያውም ስሜ ጠፍቶ፣ እያልኩ ከረምኩ።

በመጨረሻ እትዬን «ጭድ ተራ ደርሼ ልምጣ» ብዬ ዋሽቼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የመረመረችኝ ነርስ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ስትናገር አትቸኩልም።

«ሲስተር፣ ያ በሽታ ነው አይደል?» አልኳት።

«ቆይ እስቲ። ሰሞኑን የወሰድሽው መድኃኒት አለ?»

የበርበሬው ብናኝ ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ከፋርማሲ በራሴ አምፒሲሊን ገዝቼ እንደዋጥኩ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከፈሳሹ ወስዳ አስመረመረችና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ፈንገስ ነው። ብዙ ሴት ይይዛታል፣ ባል ያላትንም የሌላትንም። ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ እንደ አይብ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ አይሸትም። ቢሸት፣ ወይ ቢጫና አረንጓዴ ቢሆን፣ ወይ ሆድሽን ቆርጦሽ ቢያተኩስሽ ሌላ ነገር እንል ነበር። አምፒሲሊኑ ሳይቀሰቅስብሽ አልቀረም። ሳሙናውንም ቅቤውንም ተይ።» ከታች የሚገባ ክኒን ሰጠችኝ። «ስለዚያ በሽታ ግን ይሄ ምርመራ አይናገርም፤ እሱን የሚነግርሽ ደም ብቻ ነው» አለችኝ።

የመጨረሻውን ነገር አልሰማሁትም ማለት ይቻላል። ፈንገስ! በደስታ እንደዚያ ቀን መንገድ ጠቦኝ አያውቅም፣ ሰውን ሁሉ ማቀፍ አምሮኛል። ባሌ ከመንገድ ገብቶ ነበርና ገና በሩን ሳልዘጋ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ማሳከኩን፣ ፍርሃቴን፣ ፈንገስ መሆኑን።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላል። «ፊትሽን ስታዞሪብኝ ገድያታለሁ ብዬ ነበር።»

ደስታዬ እዚያው ደረቀ። ንጹሕ ሰው እንዲህ አያለቅስም። «ምን አድርገህ ነው የምትገድለኝ?» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያገኘሁትን አንስቼ ልፈነክተው ቃጥቶኝ ነበር፣ ግን ተውኩት። «ነገ ሁለታችንም ደም እንሰጣለን» አልኩት። እሺ አለ።

ውጤት በሚነገርበት ቀን መጀመሪያ እኔን ጠሩኝ። ነጻ ነሽ፣ ከወራት በኋላ ግን ድገሚው አሉኝ። ወጥቼ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ እሱ ገባ። ቆየ። ሲወጣ በሩን ይዞ ቆመ፣ ወደ እኔ አልመጣም። ተነሥቼ እጁን ልይዘው ስል ወደ ኋላ ሸሸ።

«አትንኪኝ» አለኝ።