መርፌው ሳይነቀል የተነሣው ወንድሜ

ከዳባት እስከ ደባርቅ ትከሻ ወልቆ እኔን ያላስጠራ ቤት ካለ፣ ያ ቤት ሰው አልወደቀበትም ማለት ነው። ወጌሻነትን ማንም አላስተማረኝም። ልጅ ሆኜ በፋሲካ ማግስት የበጉን አጥንት ሰብስቤ፣ የቱ ከየቱ እንደሚገጥም በጣቴ እየፈለግሁ ነው የተማርኩት። ፊደሉንም የቆሎ ተማሪዎች ሲያጠኑ ከአጥር ውጭ ቆሜ እየሰማሁ ለየሁት። ይህ ጉራ የሚመስለው ሰው ጉልበቱን አሳምሞ ይምጣና እንተያያለን።

የታናሽ ወንድሜ ሕመም ግን ከአጥንት አልነበረም። ደረስጌ አካባቢ ዜማ ሲማር ቆይቶ፣ ጎልማሳ ሲሆን ሌላው ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር። ጠበል ወሰድነው፤ ጎንደርም ወርደን ሐኪም አየው። የሕመሙን ስም ስኪዞፍሬኒያ አሉን፣ ክኒን ሰጡት። ክኒኑን ሲይዝ ድምፆቹ ራቁ። እንቅልፉና ደስታው ግን አብረው እንደራቁ ቀሩ። ሌሊቱን ጣሪያ ሲያይ ያነጋል፤ ቀኑን ግድግዳ ተደግፎ ያመሻል።

በእኛ አገር ታላቅ ሰው ሲገባ ታናሹ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ኖር» ይላል፤ ገቢው «በእግዜር» እስኪለው አይቀመጥም። ወንድሜ ይህንን ትቶ ነበር። ቄስ ቢገባ፣ ሽማግሌ ቢገባ፣ እኔ ታላቁ ብገባ፣ ከመደቡ ንቅንቅ አይልም። ሰው ታሟል ብሎ ያልፈዋል። እኔን ግን ከእንቅልፍ ማጣቱ ይልቅ ይህ ያመኝ ነበር። ዜማ የተማረ ልጅ፣ ደንብ ጠፍቶት ሳይሆን ለመነሣት የሚበቃ ልብ አጥቶ።

አንድ ቀን ኅዳር ላይ አጠገቡ ስቀመጥ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ጋሼ፣ እስከ ጥምቀት እታገሣለሁ» አለኝ። «እስከዚያ እንቅልፍ ካልመጣ ክኒኑን ወንዝ እጥለዋለሁ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አውቄያለሁ። ካሁን በፊት አንዴ ክኒኑን ትቶት፣ ድምፆቹ ተመልሰው፣ መንገደኞች ከሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ ነው ያገኙልን።

ወደ ጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሄድኩ። ክኒኑ የሚዋጥበትን ሰዓት ሐኪሙን ጠይቃ ቀየረችለት፤ ከሰዓት በኋላ ቡና እንዳንሰጠው፣ ቀንም እንዳይተኛ መከረችን። ሁሉንም አደረግን። ትንሽ ረዳው፤ ትንሽ ብቻ።

ያኔ ቻይናዎች መንገዱን አስፋልት እያለበሱ ነበር፤ ከዳባት ወዲህ ካምፕ ነበራቸው። አንዱ ፎርማን ቁርጭምጭሚቱን ወለም ብሎት ሠራተኞቹ እኔን አስጠሩ። ማንን ይጥሩ? አሸሁት፣ ቦታውን አስያዝኩት፣ በማግስቱ ሥራ ላይ ነበር። የካምፑ ሐኪም፣ ሸምገል ያለ ቀጭን ቻይና፣ እጄን ብቻ ነበር ሲያይ የቆየው። ስጨርስ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች አውጥቶ በፎርማኑ እግር ዙሪያ ሰካ። መርፌው ለሌላስ ሕመም ለምን ይሆናል ብዬ ጠየቅሁት። አማርኛውን የተማረው ከቀን ሠራተኞች ስለነበር ግማሹ ስድብ ነው፤ ለዚህ ግን ቃል አላስፈለገውም። ጉንጩን መዳፉ ላይ አጋድሞ ዓይኑን ጨፈነ።

መጀመሪያ በእኔ ላይ ይሞከር አልኩ። አጋደመኝ፣ ሰካብኝ፣ አላመመኝም፤ ሲቀሰቅሰኝ እያንኮራፋሁ ነበር። ቤት ገብቼ ስናገር ባለቤቴ፣ ይህ ሰው ያለ መርፌስ መቼ ሳያንኮራፋ አድሮ ያውቃል ብላ አሳቀችብኝ።

ሲስተሯም መጀመሪያ ሳቀች። የጎንደሩን ሐኪም አማክራ ስትመለስ ግን አልሳቀችም። «አባባ፣ መርፌው ከእሽጉ የወጣ አዲስ ይሁን፤ ክኒኑም አንድ ቀን እንዳይቋረጥ። መርፌው ድምፆቹን አያባርርም። እንቅልፉን ከረዳው ግን ማን ይጠላል?»

ወንድሜ እምቢ አለ። «ጋሼ፣ ጆንያ መሰልኩዎት እንዴ በመርፌ የሚሰፉኝ?» አለኝ። ከወራት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዱ ስለነበር ስድብ እንኳ ቢሆን በወደድኩት። በመጨረሻ የንስሐ አባቱ ከፈቀዱ እሺ አለ። እሳቸውም፣ ከጠበል ጋር ጠብ የለውም፣ አንድ ቀን መጥቼ አየዋለሁ አሉ።

ቻይናው በእረፍት ቀኑ በካምፑ መኪና እየመጣ ይሰካለት ጀመር። ግንባሩ ላይ፣ አንጓው ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ፣ እግሩ ላይ። እንዳይንቀሳቀስ ያዘዋል፤ ትእዛዙንም በስድብ ያጅበዋል። ወንድሜ ለመንቀሳቀስ የሚጓጓ ይመስል። አንዳንድ ሌሊት ዶሮ እስኪጮህ መተኛት ጀመረ። በማግስቱ ደግሞ ዓይኑን ሳይከድን ያነጋል። እኔ በሰፈሩ ዳነ ብዬ አውርቼ ነበር፤ ባለቤቴ እባክህ ጥምቀት ይለፍ ብላ አፌን ያዘችኝ። ስለ ክኒኑ ምን እንዳሰበ እሱም አልተናገረ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ከተራ ሊደርስ ሲል፣ ወንድሜ መርፌው ሁሉ ተሰክቶበት ተጋድሞ ሳለ፣ የንስሐ አባቱ በበራፉ ብቅ አሉ። እኔና ባለቤቴ ብድግ አልን። አፌን ከመክፈቴ በፊት ከመደቡ በኩል፦

«ኖር፣ አባቴ!»

ወንድሜ ቆሟል። የግንባሩ መርፌዎች እንደ ገብስ ጢም ይንቀጠቀጣሉ። ቻይናው «ተኛ፣ አንተ አህያ!» ብሎ ጮኸ።

«በእግዜር፣ በእግዜር ልጄ፣ ስለ እመቤቴ ተቀመጥ» አሉ አባ ደንግጠው።

እሱ ግን መስቀል ሊሳለም ጎንበስ አለ። መስቀሉ እንደ ደንቡ ግንባሩን ሊነካ ሄደ፣ ቦታ አጣ፣ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ግራ ዞረ።

«ልጄ፣ ይህን ግንባር ማን አጠረው?»

«ጋሼ ናቸዋ» አለ ወንድሜ፤ ሳቀም። አባ ጉንጩን በመስቀሉ ባረኩት። ቻይናው እያጉረመረመ መልሶ አጋደመው፤ ከእግሩ ላይ የጎበጠውን አንድ መርፌ ነቅሎ ጠብታ ደም በጥጥ ጠረገለት። እኔ ዓይኔን ጢስ ገብቶት ነበር፤ እሳት ግን አልነደደም።

የከተራ ማታ ከታቦቱ ሽኝት ተመልሰን ወንድሜ ውሃ ጠየቀ። ክኒኑን መዳፉ ላይ እንዳደረገ፣ እኔ ትክ ብዬ ሳየው አየኝ።

«ምን ያዩኛል? ወንዙ ሩቅ ነው» አለና ዋጠው።

መንገዱ አለቀ፤ ቻይናውም ሄደ። አንዴ ያየሁት ነገር ከእጄ አያመልጥምና መርፌውን እኔው እቀጥል ነበር፤ ሲስተሯ ግን በጽኑ ከለከለችኝ። ስለዚህ እነዚያኑ ቦታዎች በአውራ ጣቴ እጫንለታለሁ። እሱ፣ የሚያስተኛኝ ጣትዎ ሳይሆን ወሬዎ ነው ይለኛል። ክኒኑን እስከ ዛሬ አልተወም። እንቅልፉ ዛሬም እንደ ዘመድ ነው፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ሲስተሯ የክኒኑ ሰዓት ይሁን፣ የቡናው መቅረት ይሁን፣ መርፌው ይሁን የረዳው፣ ለይቶ መናገር አይቻልም ትላለች። የተማረች ናትና ትጠንቀቅ። ቻይናውን ያገኘው ማን እንደሆነ ግን የታወቀ ነው።

ቤቱ ስገባ አሁን ከመደቡ ይነሣል። «ኖር፣ ጋሼ» ይላል። እኔም ደንቡ እንደሚያዘው «በእግዜር» እላለሁ። ግን አልቸኩልም። ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ በራፉ ላይ ጫማዬን አራግፋለሁ።