ነብሩ ያሳየን ቁስል

ወሩ ጥር ነበር። የጮቄን ተራራ ለማያውቅ ሰው ጥር ሲባል ሙቀት ይመስለዋል። ሌሊት ጓሳ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ያድራል፤ ረፋድ ላይ ሰማዩ አንድ ደመና አይታይበትም፤ ነፋሱ ግን ፊት ይገርፋል። ያን ሰሞን አንድ ነብር ከሮብ ገበያ በላይ ባሉት ጎጦች በግ መፍጀት ያዘ። ቀበሌው «አንድ በሉን» ሲለን እኔ ምንሽር ጠመንጃዬን፣ ታናሽ ወንድሜ ይግዛው ጦሩን ይዘን ወጣን።

ከእናንተ መካከል ይግዛውን ያላየ ይኖራል። ከእናታችን ሆድ ነጭ ሆኖ ነው የወጣው፤ ጸጉሩ የገብስ አገዳ፣ ዓይኑ ብርሃን የማይችል። የዛሬ ልጆች አልቢኖ ትሉታላችሁ። ዓይኑ ቢደክምም ጆሮው ጉድ ነበር፤ ድርጭት ሳትነሳ ይሰማታል። ስለዚህ አደን በወጣን ቁጥር «ሻሽህን አውልቅ፣ ጆሮህን አትሸፍን» የምለው እኔ ነበርኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ራሱን ገልጦ ከፊቴ ሄደ። በብርድ አገር ፀሐይ ሰው ትጎዳለች ብሎ ማን አሰበ! ፊቱ ሲቀላና ሲላጥ ቅቤ ይቀባል፣ በቃ።

በዚያን ጊዜ የታች ከንፈሩ ላይ አንዲት ቁስል ነበረችው። ትቀረፋለች፣ ትደማለች፣ ትደርቃለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። እኛ ዘንድ ከንፈር ላይ የወጣ ሁሉ ምች ነው፤ «ፀሐይ መታችው» ብለን ዳማከሴ እንቀባለን። እኔም ቅጠሉን በእጄ እያሸሁ ስቀባው ሁለት ዓመት አለፈ። ስለማያመው እሱም ነገሬ አላለውም።

የነብሩን ዱካ ያገኘነው ምንጭ ዳር፣ ጭቃ ላይ ነው። ክብ፣ ሰፊ፣ ጥፍር የማይታይበት፤ ጅብ ቢሆን ጥፍሩ ይለይ ነበር። የፊት ግራ እግሩን ቀለል አድርጎ ነው የረገጠው፣ ያነክሳል ማለት ነው። የሚያነክስ ነብር ሚዳቋ መያዝ ስለማይችል በግ ይለምዳል፤ ሰውም አይፈራም። ነፋሱን በፊታችን እየተቀበልን እስከ አስታው ቁጥቋጦ ተከተልነው። ቀትር ላይ ዱካው ድንጋይ መሃል ጠፋብኝ። ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ይግዛው ክንዴን ያዘኝ።

«አያ ፈንታ፣ አትነቃነቅ። ይተነፍሳል።»

«የት?»

«ከጅብራው ሥር። በግራህ።»

ምንም አላየሁም። ምንሽሬን ሳዞር ነብሩ ከጅብራው ተክል ግንድ ሥር ተወረወረ። ተኮስኩ፤ ጥይቷ ሆዱን እንጂ ልቡን አላገኘችም። እኔ ላይ ሊያርፍ ሲል ይግዛው ገፈተረኝና መካከል ገባ። አብረው ወደቁ። ትከሻውን በጥፍሩ ሲተለትለው እያየሁ ሌላ ጥይት ሳላጎርስ ቆየሁ። ሦስት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሜ ፈራሁ፤ አልደብቃችሁም። በመጨረሻ ጥይት አጉርሼ አፈሙዙን ከነብሩ ጆሮ ሥር ደግፌ ተኮስኩ።

ተኩስ የሰሙ ጎረቤቶች ደርሰው በቃሬዛ አወረድነው፤ ከሮብ ገበያ በመኪና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ገባን። ሐኪሟ ትከሻውን ሰፋች፣ መርፌ ወጋችው። እኔ ተረፈልኝ ብዬ ተመስገን ስል እሷ መብራቱን ወደ ከንፈሩ አዞረች።

«ይሄ ቁስል ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምች ነው፤ ሁለት ዓመቱ» አልኳት።

«አባቴ፣ ምች በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይድናል። ሁለት ዓመት የሚቆይ ምች የለም።»

ከዚያ አገጩ ሥር በጣቷ ዳሰሰችና ቆመች። የእኔንም እጅ ወስዳ አስዳሰሰችኝ፤ ሽምብራ የሚያህል ደረቅ እጢ ነበር።

ከቁስሉ ተቆርጦ ተመረመረ፤ ካንሰር ሆነ። ሐኪሟ አስቀምጣ አስረዳችን። እንደ ይግዛው ያለ ቆዳ ፀሐይን የሚመክትበት ቀለም የለውም፤ ደጋ ላይ ብርዱ ያዘናጋል እንጂ ፀሐዩ የባሰ ነው። የሚሻክርና የሚቀረፍ፣ በትንሽ በትልቁ የሚደማ፣ ወር አልፎት የማይድን ነገር ከታየ፣ ባያምም ቶሎ መታየት አለበት። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከልጅነቱ ጀምሮ ያስፈልገው ነበር። «ትንሽ ሳለች ብትመጡ ቆርጠን በዚያው ቀን እንሸኛችሁ ነበር» አለች። ይህን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከንፈሩን ቆረጡለት፤ አንገቱንም ከፍተው እጢውን አወጡ። አዲስ አበባ ወስጄው በጨረር ታከመ። ሰኔ ላይ አንገቱ መልሶ አበጠ፤ «ከእንግዲህ ማስታገሻ ብቻ ነው» ሲሉን ይዤው ተመለስኩ። አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ተቀምጦ «ነብሩ ባይዘኝ ኖሮ እስካሁን ዳማከሴ ትቀባኝ ነበር፣ አይደል?» ብሎኝ ሳቀ። መስቀል ሳይደርስ ቀበርነው።

እናንተ ስለ ነብሩ ልትሰሙ ነው የመጣችሁ፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የማየው ከንፈሩንና ጆሮውን ነው። ባለፈው ቁይ ገበያ አንዲት እናት እንደ ይግዛው ነጭ የሆነች ሕፃን ራሷን ሳትሸፍንላት አዝላ ስትሄድ አየሁ። አስቆምኳትና ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት።

«ብርድ ነው እኮ አባባ፣ ትንሽ ፀሐይ ትሙቅ» አለችኝና መንገዷን ቀጠለች።

ቢያንስ ነጠላዬን ለሕፃኗ ልስጥ ብዬ አውልቄ ተከተልኳት። እግሬ እንደ ድሮው አይደለም። ከእህል ተራው አልፋ ሰው መሃል ገባች፤ ነጠላዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።