ከመርካቶ ያልመጣው ዶቃ

የመዳብ ሽቦ ሽታ አለው ስል ሰዎች ይስቁብኛል። ይሳቁ። ጠዋት ሲ.ኤም.ሲ ያለችውን ጠባብ ሱቄን ከፍቼ የመጀመሪያውን ሽቦ በፒንሳ ሳጥፍ፣ እጅ ውስጥ የቆየ ሳንቲም የመሰለ ሽታ ጣቴ ላይ ይቀራል። እሱን ሳሸት የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ፤ ኮተቤ፣ ከአስፋልቱ ሽቅብ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ሰፈራችን። ዛሬ ድንጋይ በሽቦ ጠምጥሜ፣ ግራና ቀኙን ዶቃ ደርድሬ የአንገት ጌጥ እየሠራሁ እበላበታለሁ። ያኔ ጨዋታ ነበር። ጨዋታ ሆኖ ቢቀርልኝ ኖሮ ይህን ለመጻፍም ባልተቀመጥኩ።

አባዬ ዲናሞ ጠምጣሚ ነበር። የወፍጮ ቤት ሞተር ሲቃጠል፣ የውኃ መሳቢያ አልነሳ ሲል፣ ተሸክመው የሚመጡት እኛ ግቢ ነው። አሮጌውን ጥቅል ፈልቅቆ ያወጣና ቫርኒሹ እንዲለቅ ጓሮ ያቃጥለዋል። ጭሱ ጉሮሮ ይከረክራል፤ እናቴ ልብስ ባሰጣችበት ቀን ካቃጠለ ደግሞ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ለእኔ ግን ጭሱ የምሥራች ነበር፤ ቁርጥራጩ ሽቦ የእኔ ድርሻ ነዋ።

አባዬ ዝምተኛ ነው፤ ሽቦ ላይ ሲሆን ግን አፉ ይፈታል። «ጎን ለጎን ይተኛል እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይወጣም» ይለኛል፣ ባልጩቱን ከእጄ ተቀብሎ እያገላበጠ። «ድንጋዩን አትነቂው፤ ደግፈሽ ያዥው።» ባልጩት ያልኩት ያንን ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ከእንጦጦ የሚወርደውን መንገድ ሲሸረሽረው ብቅ ይላል። ጠርዙ ምላጭ ነው። ጣቴ ሳይቆረጥ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሁለት ጊዜ በመስቀለኛ አስሬው፣ አናቱ ላይ የክር መግቢያ ቀለበት አበጅቼ፣ አንገቱን ሦስት ዙር ጠምጥሜ ሳሳየው «ፍቺው» ይለኛል። እፈታለሁ። አሁንም «ፍቺው»። ዛሬ ደንበኞቼ ጥምጥምሽ ንጹሕ ነው ሲሉኝ ያ «ፍቺው» ነው ጆሮዬ ላይ የሚመጣው።

ያኔ ያለ ለሊሴ የትም አልሄድም። ለሊሴ የጎረቤት ልጅ፣ የክፍሌ ልጅ፣ በአጥራችን ቀዳዳ የምሾልክላት ጓደኛዬ ናት። ቅዳሜ ጠዋት በባሕር ዛፉ መሃል ሽቅብ እንወጣለን። ከዝናብ በኋላ ቅጠሉ ሲሸት አፍንጫ ይከፍታል፤ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ያው ሽታ ነው። ዓይኗ ስል ስለሆነ ድንጋዩን ቀድማ የምታየው ለሊሴ ናት። እሷ ፈላጊ፣ እኔ ጠምጣሚ ነበርን። ያገኘነውን ባልጩት ምራቅ ተፍተን በቀሚሳችን እናሸዋለን፤ ወደ ፀሐይ ስናነሳው ጠርዙ ጭስ የመሰለ ብርሃን ያሳልፋል። አንዳንዴም ድንጋዩን ረስተን ቁልቁል ስንንሸራተት ውለን፣ ቀሚሳችንን ቀድደን እንገባለን።

ከተማው ሳይደርስ በፊት ያ ሁሉ ሰፈር የእነለሊሴ የገብስ ማሳ ነበር አሉ። ቤታቸው ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገናኛሉ። የአባቷን እናት ሁላችንም አኮ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ ግን የመጣውን ሰው በእግሩ ኮቴ ያውቁታል። የትኛው ልጅ በየትኛው ክረምት እንደተወለደ፣ የማን ማሳ እስከ የትኛው ጉድባ እንደነበር የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ። የድንበር ጠብ ሲነሳ ትልልቅ ወንዶች መጥተው እፊታቸው ቁጢጥ ሲሉ አይቻለሁ።

ታዲያ በአንዱ ክረምት አኮ ዕቃ ጠፋባቸው። የጨርቅ ከረጢት ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ለእኛ ለልጆቹ የነገረን የለም። ፍራሹን ያነሳሉ፣ ከጆንያው ጀርባ በእጃቸው ይዳብሳሉ፣ እኔንና ለሊሴን አልጋ ስር ያስገቡናል። የለሊሴ እናት እትዬ ብርቄ «አስቀምጠው ረስተውት ነው፤ እርጅና ነው እንግዲህ» ይላሉ ቀስ ብለው። አኮ ደግሞ «አልረሳሁም። እዚህ ነው ያስቀመጥኩት» ብለው አልጋቸውን መታ መታ ያደርጋሉ። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። መጀመሪያ በቤት፣ ቀጥሎ በሰፈር «አኮ እኮ ጃጁ» ይባል ጀመር። እኔም ብያለሁ። እሳቸው ግን «አልረሳሁም» ከሚለው ቃላቸው ንቅንቅ አላሉም።

በዓመቱ፣ የትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ መድረክ ላይ ለምንዘምረው ስምንት ሴቶች በሙሉ የአንገት ጌጥ እሠራለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ድንጋይ አለ፣ ሽቦ አለ፤ ዶቃ የለም። እናቴ ጭንቀቴን አይታ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብላ ሳቀችብኝ። እልህ ያዘኝ። ከቤቶቹ ጀርባ ቆሻሻ የሚጣልበት ፈፋ አለ፤ እዚያ መውረድ በቁንጥጫ የተከለከለ ነው። ወረድኩ። ዝናቡ አፈሩን አጥቦት፣ ከበሰበሰ ጨርቅ ውስጥ ዶቃ ፈሷል። ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ እንደ ማር ያለ ቢጫ። ፕላስቲክ አይደለም፤ ይከብዳል፣ ምላሴ ላይ ሳደርገው ይቀዘቅዛል። አዎ፣ ቀምሼዋለሁ፤ ልጅ ነኝ። በቀሚሴ አቅፌ ወጣሁ፣ በሳሙና አጠብኩት። ለሊሴ ከየት አመጣሽው ስትለኝ «አጎቴ ከመርካቶ አመጣልኝ» አልኳት። ከቆሻሻ የወጣ ነው ብላት አንገቷን አትሰጠኝም። የጠቀስኩት አጎቴ ያኔ አዲስ አበባም አልነበረም።

ከስምንቱ ሁሉ ያማረውን ለለሊሴ ሠራሁ። መሃሉ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ባልጩት፣ ግራና ቀኙ ቢጫና ሰማያዊ ዶቃ። አባዬ እንኳ አይቶት «ይሁን» አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ምርቃት ነው። ለሊሴ አጥልቃው እየሮጠች ቤቷ ገባች። ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። «አኮ ትፈልግሻለች» አለችኝ።

አኮ የአንገት ጌጡን ጭናቸው ላይ አድርገው ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ያሻሉ። «ይቺ የእናቴ ናት» አሉ ቢጫዋን ይዘው። «ይቺ ወፍጮ ላይ ወድቃ የተሸረፈችው ናት፤ ንኪያት።» ነካኋት፤ እውነትም ሰማያዊዋ ጠርዟ ተሸርፏል። «ይቺን ደግሞ የለሊሴን አባት የወለድኩ ጊዜ ነው ያሰርኳት።» ያን ጊዜ ገባኝ። ዓመት ሙሉ ሲፈለግ የነበረው ከረጢት ውስጥ የነበረው ጨሌ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ በቤት የሚከበር ጨሌ። እኔ ከቆሻሻ ያነሳሁት እሱን ነው። ከአኮ ጀርባ በሩ ላይ እትዬ ብርቄ ቆመዋል፤ ከእጃቸው የልብስ ሳሙና አረፋ ይንጠባጠባል። ፊታቸው አመድ መስሏል። እኔን እኔን ያያሉ።

«ከየት አገኘሽው፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ አኮ። ልጄ ማለታቸው ነው። ቁጣ የለበትም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳልረሱ የሚነግራቸው ሰው። ከፈፋው ነው ብል ይበቃ ነበር፤ ጨሌ በእግሩ ሄዶ ፈፋ አይገባም፣ ሰው ነው የጣለው። እኔ ግን ያን ሁሉ አላሰብኩም። ያሰብኩት የእናቴን ቁንጥጫ ነው። «አጎቴ ነው ከመርካቶ ያመጣልኝ» አልኩ።

የአኮ ጣት ያቺን የተሸረፈች ዶቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞራት። ከዚያ «መርካቶ ምን የማይገኝ አለ» አሉ። «እኔ እኮ… ረስቼ ነው። አርጅቻለሁ።» ለሊሴን ወደ እሳቸው ስበው ጌጡን በገዛ እጃቸው አንገቷ ላይ አጠለቁላት። «ያምርብሻል» አሏት፣ ሳያዩዋት።

በወላጆች ቀን አኮ በለሊሴ አባት ተደግፈው መጡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስንዘምር ባልጩቱ ደረታችን ላይ ይጋጫል። ጨሌያቸው በስምንት አንገት ተበታትኖ እፊታቸው ቆሟል፤ እሳቸው አያዩትም። መምህራችን ስሜን ጠርታ ይህን ሁሉ የሠራችው እሷ ናት ብላ አስጨበጨበችልኝ። አኮም አጨበጨቡ። አንገቴን ደፋሁ፤ ዓይን አፋር ናት ተባልኩ።

ከዚያ በኋላ አኮ «አልረሳሁም» ብለው አያውቁም። ምሳ በልቻለሁ እንዴ ብለው ለሊሴን ይጠይቃሉ። ሰው ሲመጣ በኮቴው ቢያውቁትም ስሙን ለመጥራት ይፈራሉ። የድንበር ነገር ሊጠይቃቸው የመጣን ሰው «እኔን አትመነኝ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረው አረፉ።

በለቅሷቸው ላይ እትዬ ብርቄ ወደ ጓሮ ወስደው እጄን ያዙኝ። «ልጄ እየሞተብኝ ነበር» አሉኝ፣ እኔ ምንም ሳልጠይቃቸው። ያኔ የለሊሴን ትንሽ ወንድም አዝለው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ፀበል ይመላለሱ ነበር፤ መንገድ ላይ የተዋወቋቸው ሴቶች ቤትሽ ውስጥ ጨሌ እያለ ልጁ አይድንም አሏቸው። ፈሩ። አንድ ጠዋት ከረጢቱን አውጥተው ፈፋው ውስጥ ጣሉት። ልጁ ዳነ፤ ዛሬ ሚኒባስ ይነዳል። በእትዬ ብርቄ ላይ መፍረድ አልችልም፤ እሳቸው የሚያጡት ልጅ ነበራቸው። እኔ ምን ነበረኝ? አንድ ቁንጥጫ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች። አደረ፤ በራሱ ግን አልጠራም። ለሊሴ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነገርኳት። «እኔም እኮ ጃጅታለች እል ነበር» አለችኝ። አራስ ቤት አይለቀስም እየተባልን ሁለታችንም አለቀስን።

ሰፈሩ ዛሬ ሌላ ነው። ፈፋው ተደፍኖ ፎቅ ቆሞበታል፤ ባልጩት የለቀምንበት ዳገት ታጥሯል። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ናቸው፤ በዚያ እንኳ አልፈርድባቸውም፣ እኛም የምንሸሸግበት ነገር ነበረን። ደንበኞቼ የድሮ ዶቃ አለሽ ወይ ይሉኛል። አልሠራበትም። ከማን ቤት እንደወጣ ምን አውቄ። ያለኝን ከየት አመጣሽው ሲሉኝ ግን እቅጩን እናገራለሁ፣ ገዢ ቢሸሽብኝም።

አባዬ አሁን እኔ ጋ ነው የሚኖረው። እጁ ሽቦ አይዝም፤ ዕቃም ይጠፋበታል። ወንድሜ ሲመጣ «አባዬ፣ ረስተኸው ነው» ይለዋል፣ በደግነት። ያን ቃል ሲሰማ የአባዬ ፊት ምን እንደሚሆን የማየው እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ መነጽሩ ጠፋ። ቤቱን አተራመሰው። «ሰው ነክቶብኛል» አለ፤ ከዚያ ድምፁ ወረደና «ወይስ እኔው ነኝ?» አለኝ። መነጽሩን ያገኘሁት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከቲማቲሙ ጎን ነው። ያስቀመጠው ራሱ ነው፤ ከሁለታችን በቀር በቤቱ ሰው አልነበረም። በቀሚሴ ጠርጌ ሰጠሁት።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት አባዬ» አልኩት። «ቤት ሳጸዳ አንስቼ ረሳሁት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ እየረሳሽ እኔን ልታሳብጂኝ ነው እንዴ?» ብሎ ይቆጣኝ ጀመር። ስለ መነጽሩ፣ ስለ ዝርክርክነቴ፣ ሱቅ አምሽቼ ስለምዘጋው ሁሉ ተቆጣኝ፤ ድምፁ እንደ ድሮው ሆነ። እጄን አጣምሬ ቆሜ ሰማሁት። ይህን ቁጣ ያኔ ከአኮ መቀበል ነበረብኝ።