ለእንግዳ የተጠረገ መንገድ

የባልደረባዬ እናት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ካለው ገበያ አጠገብ ከአይሱዙ ጋቢና ሲወርዱ እኔ የዘጠኝ ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ ልጃቸውም እንደዚያው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቡላ፣ አንድ ቅል ቅቤና አንድ ጆንያ ድንች አወረዱ። ጫማቸው ላይ ጭቃ እንኳ አልነበረም። የመጡት ልጃቸውን አራስ ቤት ሊንከባከቡ ነው። እኔንም አቅፈው ሳሙኝና «ያንቺም እናት ትመጣለች፣ ጌታ ያውቃል» አሉኝ። አሜን አልኩ። በሆዴ ያልኩት ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ልጽፈው አይገባም።

የኔና የባልደረባዬ የትውልድ ቀበሌዎች ከካምባ ከተማ ወዲያ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ተራሮች ናቸው። በመሃል ወንዝ አለ። እነሱ ጋ ውሻ ሲጮህ እኛ ጋ ይሰማል። አንድ ትምህርት ቤት ተምረን፣ አርባ ምንጭ አንድ የመንገድ ቢሮ ተቀጥረን፣ ጠረጴዛችን እንኳ ጎን ለጎን ነው። በሁሉም ነገር እኩያዬ ነበረች፤ የመንግሥት የገጠር መንገድ በጀት እነሱ ተራራ ላይ ወጥቶ የኛን እስኪዘለው ድረስ። ዶዘሩ ቀዩን አፈር ሲገምስ እናቴ ከደጃፏ ሆና ታየው ነበር። «ዛሬ እስከ ቤተክርስቲያናቸው ደርሷል» ትለኛለች በስልክ፣ ደስ ብሏት። ደስ ማለቷ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር። የራሷ ጉልበት ታሞ ቁልቁለቱን መውረድ ካቃታት ሁለት ክረምት አልፏል፤ በሰው መንገድ ምን ያስደስታታል?

ወለድኩ። ጎረቤቶቼና የቤተክርስቲያን እህቶች ገንፎውን አላጓደሉብኝም፤ እግዜር ይስጣቸው። ልጁን ማን እንደሚመስል የሚነግረኝ ሰው ግን አልነበረም። እናቴ በስልክ «ጆሮው እንዴት ነው? የአባትሽ ነው?» ትለኛለች። የአባቴን ጆሮ እኔ የት አውቄው፤ የሞተው ሕፃን ሳለሁ ነው። የሚያውቀው የሷ ዓይን ብቻ ነበር፣ እሱም ከወንዝ ማዶ ቀርቷል። ወደ ባልደረባዬ ቤት ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ ቡላ ይመጣል። ለኔም ትልክልኛለች። በልቼዋለሁ፤ እየበላሁም ቀንቻለሁ።

ከወሊድ ፈቃድ ተመልሰን ቢሮ በገባን ሰሞን የልጇን ፎቶ አሳየችኝ። አያቱ ታቅፈውት ይስቃሉ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» አልኳት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የመንገድ ጥናት ቡድኑ ወደ እናንተ ሲወጣ ለነእናትሽ ምን ብለሽ ነገርሻቸው? ማንን ያዙ አልሻቸው?»

ስልኳን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ምንም አላልኳቸውም። የቢሮ ነገር ነው ብዬ መምጣታቸውን እንኳ አልነገርኳቸውም። አንቺስ?»

እኔማ ነግሬአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድኑ ሁለቱን ተራሮች አይቶ በጀቱ ለየትኛው እንደሚገባ ሊወስን ሲዘጋጅ፣ እኔ ሳምንት ቀድሜ እናቴ ጋ ደወልኩ። «ከኛ ቢሮ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። አደራ፣ እንዳታሳፍሩኝ» አልኳት። አማላጅነት አልነበረም፤ ጉራ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንኩ ባልደረቦቼ እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነው። እናቴ ቃሌን ይዛ ዱቡሻ ወጣች፤ ዱቡሻ አገሬው የሚመክርበት ሜዳ ነው፣ እዚያ የተባለ አይታጠፍም። «እንግዳ በመንገዳችን ላይ ቢወድቅ ነውሩ የኛ ነው» ተባለ። ከየቤቱ መቆፈሪያ ወጣ። ቦረቦሩን በድንጋይ ሞሉት፣ ዳገቱን ደረጃ አበጁለት፣ በጅረቱ ላይ ግንድ አጋድመው ድልድይ ሠሩ። እንግዶቹ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ የሰላምና የክብር ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ጫፍ ላይ ቆመው ነበር። ሌላ አገር ቢሆን የመጣውን ባለሥልጣን ወደ ገደሉ ወስዶ «እዩልን» ይለዋል። የኛ ሰው ችግሩን ለእንግዳ አያሳይም፤ እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ቤቱን እንደሚጠርገው አገሩንም ጠረገው።

ሪፖርቱን በኮምፒውተር የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። ስለኛ ቀበሌ «በኅብረተሰቡ ተሳትፎ የተጠገነ፣ ድልድይ ያለው፣ ለእግረኛና ለጋማ ከብት ምቹ» ይላል። ይህን ስጽፍ ከኩራቴ የተነሳ ወንበሬ አልበቃኝም። ስለነሱ ደግሞ «የማያልፍ፤ የአንድ የቡድን አባል ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል» ይላል። እውነቱን ልናገር፣ ሳቅሁ። አይ ጎረቤቶቻችን፣ ለእንግዳ እንኳ መንገድ አይጠርጉም ብዬ።

ከባልደረባዬ ጋር በተነጋገርን ማግስት ቡድኑን የመሩትን መሐንዲስ የኛ ተራራ ለምን እንደተዘለለ ጠየቅኋቸው። ጡረታቸው የደረሰ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«የናንተን አገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም» አሉኝ። «እንደ ሳሎን የተጠረገ። ምን ይደረግ፣ በጀቱ ለሁለት አይበቃም ነበር። መንገድ ያለውን ትተን ለሌለው ሰጠን።»

«ድልድዩን እኮ የመጀመሪያው ክረምት ወሰደው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እሱን ቅጹ አይጠይቅም» አሉ።

ይህን ለባልደረባዬ ሄጄ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም። በወጉ ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኋትም፤ ጥፋተኛ መሆኔን ማወቄ ቅናቴን የሚያበርድልኝ መስሎኝ ነበር፣ አላበረደልኝም። እንዲያውም ባሰብኝ። ሌባ ብትሆንልኝ ኖሮ ቢያንስ እጠላት ነበር።

እሷ ግን ልጄ ስምንት ወር ሲሞላው አንድ ጠዋት «እናትሽ ቅዳሜ ትመጣለች» አለችኝ። ወንድሞቿ ወንዙ በጎደለበት ወቅት በቅሎ ይዘው ተሻግረው፣ እናቴን አስቀምጠው ወደነሱ ተራራ ሊያወጧት፣ ከዚያም በነሱ መንገድ፣ በነሱ አይሱዙ ሊልኳት ተስማምተዋል። አመሰገንኳት። እጄን ስሰጣት ግን ዓይኗን አላየሁም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እናቴ ሴቻ ሰፈር ያለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ የአባያ ሐይቅ ተዘርግቷል፤ ዞር ብላም አላየችው። ልጄን ጭኗ ላይ አድርጋ ጆሮውን ወደ ብርሃን አዞረችና «የአባትሽ ነው» አለችኝ። ስምንት ወር የጠበቅኳት ቃል ናት፤ አለቀስኩ። ዕንባዬን ሳልጠርግ እሷ ስለነሱ መንገድ ማውራት ጀመረች። በበቅሎው ላይ ብርድ ልብስ እንዳነጠፉላት፣ ጋቢና ውስጥ ጉልበቷ አንዴም እንዳልተነካ፣ ጌታ እንዲባርካቸው። አስር ጊዜ ባረከቻቸው። እኔ እናቷን ያመጣች ልጅ ሳልሆን እናቷን ሌላ ሰው ያመጣላት ልጅ ነበርኩ፤ በገዛ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ በዚያም ቀናሁ።

ከዚያ እናቴ ምስጢር እንደምትነግረኝ ሁሉ ጠጋ ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ በጋሞኛ ቀጠለች።

«እነሱ ጋ ግን የመጡት እንግዶች ጭቃ ውስጥ ወድቀዋል አሉ። እኛ ጋ አንዳቸውም አልተደናቀፉም። ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ያነሱታል።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«እንደገና ይመጣሉ?»

ይመጣሉ። ለሚቀጥለው ጥናት የሚታዩት ቀበሌዎች ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ የኛ አለበት፣ ቀኑም ተቆርጧል።

«ከመጡ እንደዚያን ጊዜ ቀደም አድርገሽ ንገሪን» አለች። «ድልድዩን ውኃ ስለወሰደው አዲስ እንሠራለን። ከበፊቱ የተሻለ።»

ሁሉንም ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ቤት፣ ያ ሁሉ መቆፈሪያ፣ እርጥቡ ሣር ትዝ አለኝና ሆድ ይፍጀው አልኩ።

«ከእንግዲህ አልነግራችሁም» አልኳት።

እናቴ ልጄን ከጭኗ ሳታወርድ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው?» አለች። «አሳፈርንሽ እንዴ?»